ማዕከሉ ለማን ይሠራል? ስለ አንድ ታላቅ የምርምር መረጃ መረብ የቀረበ ሂስ

የአሜሪካ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት በማርች 27 ቀን 2025 የሠራተኞቹን ቁጥር ከ82 ሺህ ወደ 62 ሺህ ዝቅ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመግለጫው ዐበይት ነጥቦች አንዱ በሥሩ ያሉት ተቋማት በየፊናቸው ያቋቋሟቸው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የግዥና የሰው ኃይል ክፍሎች በአንድ ማዕከል ይጠቃለሉ የሚለው ነው። ውሳኔው ከሚነካቸው መካከል 27 ተቋማትንና ማዕከላትን በአንድ ጥላ ሥር የያዘው ኤን.አይ.ኤች. ይገኝበታል። ዜናውን በሰማሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ እዚያው ኤን.አይ.ኤች. ውስጥ ከሃያ ዓመታት በፊት ተጀምሮ በከንቱ የቀረ አንድ ሥራ ነበር። ስለ እርሱ በአማርኛ የተጻፈ አንብቤ አላውቅም። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን «እናዘምን፣ ወደ ማዕከል እናምጣ» የሚለውን ቃል ዘወትር የምንሰማ ስለሆንን ታሪኩን ማወቁ ይጠቅመናል ብዬ አስባለሁ።

ሥራው «ካቢግ» ይባል ነበር። ስሙ የካንሰር ባዮሜዲካል ኢንፎርማቲክስ ግሪድ ለሚለው መጠሪያ በአጭሩ የተሰጠ ነው። የጀመረው ከኤን.አይ.ኤች. አባላት አንዱ የሆነው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሲሆን ጊዜው 2004 ነበር።

መነሻው ትክክለኛ ሕመም እንደ ነበር መካድ አይገባም። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚገኙት የካንሰር ማዕከላት የዕጢ ናሙናቸውን፣ የሕሙማኑን ታሪክና የጂን ምርመራ ውጤታቸውን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይመዘግቡ ነበር። አንዱ ማዕከል የበሽታውን ደረጃ በቁጥር ሲጽፍ ሌላው በፊደል ይጽፋል፤ አንዱ «የመጀመሪያ ምርመራ ቀን» ሲል ናሙናው የተወሰደበትን ዕለት ማለቱ ነው፤ ሌላው ፓቶሎጂስቱ ውጤቱን የፈረመበትን ዕለት ማለቱ ነው። በሁለት ማዕከላት የሚገኙ የአንድ ዓይነት ካንሰር ሕሙማንን አንድ ላይ ቆጥሮ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ከሥራው ዘመን ብዙውን የሚያሳልፈው ቃልን ከቃል ሲያስታርቅ ነበር። ብርቅ የሆነ ካንሰር ላለበት ሕመምተኛ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንድ ሆስፒታል በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሚታይ በሽታ የሚጠናው መዝገቦች ሲገናኙ ብቻ ነውና።

ካቢግ ያቀረበው መድኃኒት ታላቅ ነበር። ለካንሰር ምርምር ሁሉ አንድ የጋራ መዝገበ ቃላት ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት በማዕከል ይመዘገባል፤ የየማዕከላቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ መረብ ይያያዛሉ፤ በመረቡ ላይ ለናሙና ማከማቻ፣ ለክሊኒካል ሙከራ፣ ለጂን ጥናት የሚሆኑ ሶፍትዌሮች በነጻ ይታደላሉ። ሶፍትዌሮች ከመረቡ ጋር ባላቸው ስምምነት መጠን የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ማዕርግ ይሰጣቸው ነበር። (የማዕርጎቹን ስም ሳነብ የስፖርት ውድድር ትዝ ይለኛል፤ ነገር ግን የተሸለመ ሯጭ ቢያንስ ሮጧል።) አንድ ላቦራቶሪ ለራሱ የሠራውና ለራሱ ሥራ የበቃው ሶፍትዌር የብር ማዕርግ ለማግኘት ከሥሩ እንደገና መገንባት ሊያስፈልገው ይችል ነበር። በዚህ ድካም ላቦራቶሪው ለራሱ ጥናት የሚያገኘው ጥቅም ግን እምብዛም ነው። ጥቅሙ ወደ ፊት፣ ሌሎቹ ሁሉ እንዲሁ ሲያደርጉ የሚገኝ ነበር። በእኛ አነጋገር «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ሰባት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የተቋሙ የሳይንስ አማካሪዎች ቦርድ ሥራውን የሚመረምር ቡድን አቋቋመ። ሰብሳቢው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አንድሪያ ካሊፋኖ ነበሩ። ቡድኑ በማርች 2011 ያወጣው ሪፖርት በመንግሥት ተቋማት ዘንድ እምብዛም በማይታይ ግልጽነት የተጻፈ ነው። እስከዚያ ጊዜ 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ሆኗል፤ ከተሠሩት ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ግን በሚገባ የሚጠቀምባቸው አልተገኘም። ሪፖርቱ ሥራው በተመራማሪዎች ጥያቄ ሳይሆን በቴክኖሎጂው ፍላጎት ሲመራ እንደ ቆየ ይናገራል። በዩኒቨርሲቲዎች ተሠርተው ተመራማሪው የለመዳቸው ነጻ ሶፍትዌሮች በእጅ እያሉ የእነርሱን አምሳያ በብዙ ወጪ ማሠራት ተይዞ ነበር፤ ይህስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ቡድኑ አዲስ ሥራ ሁሉ ለጊዜው እንዲቆም፣ ጥቅም ላይ የዋሉት ጥቂቶች ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲቀጥሉ፣ የሥራው ቁጥጥርም ለገለልተኛ ኮሚቴ እንዲሰጥ መከረ። በ2012 ካቢግ የሚለው ስም ቀርቶ በጣም ያነሰ ሌላ ፕሮግራም ተተካ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰዎች የሚወስዱት ትምህርት «ማዕከላዊ ነገር አይሠራም» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትም ምክንያት እዚያው ኤን.አይ.ኤች. ግቢ ውስጥ ይገኛል።

ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1879 በጆን ሾው ቢሊንግስ የተጀመረውን የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ሲያዘጋጅ ኖሮ በ1964 ሥራውን ወደ ኮምፒዩተር አሸጋገረ። ይህም እያደገ ሄዶ በ1997 ፐብሜድ በሚል ስም ለዓለም ሁሉ በነጻ ተከፈተ። ከዚህ የበለጠ ማዕከላዊ ነገር አይገኝም፤ ቃላቱን የሚወስነው አንድ ቢሮ ነው። ሆኖም በአገራችን ያለ የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር የሚከፍተው እርሱን ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

ከፐብሜድ ይልቅ ግን ጂንባንክ የበለጠ ያስተምራል። በ1982 በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ሲጀመር ሠራተኞቹ የጂን ቅደም ተከተሎችን ከታተሙ መጽሔቶች እያነበቡ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። የሚታተመው እየበዛ ሲሄድ መድረስ አቃታቸው። መፍትሔው የመጣው ከኮምፒዩተር አልነበረም። የኒውክሊክ አሲዶች ጥናት መጽሔት በ1988 አንድ ደንብ አወጣ፤ ደራሲው ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ በመረጃ ቋት አስመዝግቦ ቁጥር ካልያዘ በቀር ጽሑፉ አይታተምለትም። ሌሎቹም መጽሔቶች ተከተሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መረጃውን የሚያስገባው ሰውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው አንድ ሆኑ። ተመራማሪው ቅጹን የሚሞላው ለሌላ ሰው ውለታ ለመዋል አይደለም፤ ጽሑፉ እንዲታተምለት ነው። ቅጹም አጭር ነበር። በ1992 ጂንባንክ በ1988 ወደ ተቋቋመው ወደ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ሲዛወር ይኸው ውል አብሮት ተዛወረ።

ካሊፋኖና ባልደረቦቻቸው ስለ ቴክኖሎጂና ስለ አስተዳደር የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። የእኔ ፍርድ ግን ከዚያ ወዲህ ማዶ ነው። ካቢግን የገደለው ማዕከላዊነቱ ሳይሆን ድካሙን በአንዱ፣ ጥቅሙን በሌላው ላይ መጫኑ ነው። በሳይንስ ቤት ደግሞ ሰው የማይጠቅመውን ሥራ ሲታዘዝ ፊት ለፊት እምቢ አይልም፤ ዝም ብሎ አይሠራውም፣ ወይም ለሪፖርት ያህል ይሠራዋል። በጎ ነገር ጨርሶ አልቀረም ማለት አይደለም፤ የካንሰር ተቋሙ መዝገበ ቃላት ዛሬም ይሠራበታል። እዚያው ተቋም በ2016 የጂን መረጃ ጋራ ማከማቻውን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲከፍት ደግሞ አካሄዱ ሌላ ነበር። ከ11 ሺህ በላይ ሕሙማን የተገኘው የካንሰር ጂኖም አትላስ መረጃ አስቀድሞ ተሰብስቧል፤ ተመራማሪው መረጃውን ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ለማውረድ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ማከማቻው የመጣው ለዚህ ሰው ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ውጤቶችን በአንድ ማዕከል የሚያሳይ ሥርዓት ተተከለ። ሥልጠናው ሁለት ቀን ወሰደ፤ አበልም ተከፈለ። አንድ የናሙና ጥያቄ ለመላክ የሚሞሉት ቦታዎች ግን እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ለሪፖርት እንጂ ለፓቶሎጂስቱ የሚያስፈልጉ አልነበሩም። የፓቶሎጂ ክፍሉ ቴክኒሻን እንደ ቀድሞው በደብተሩ መጻፍ ቀጠለ፤ በወሩ መጨረሻ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ደብተሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጣል። ለአለቆች የሚቀርበው ሪፖርት ሙሉ ነበር። በመስኮት ያለችው ሠራተኛ ግን ደብተሩን አታይም፤ የምታየው ስክሪኑን ብቻ ነው። የጡት እብጠት የነበረባት አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ተመላልሳ «ውጤትሽ አልደረሰም» ተባለች። ውጤቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተጽፎ በደብተሩ ውስጥ ነበር። ካንሰር ነበር። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም ሥርዓቱን ጠይቄ ሳይሆን ወደ ክፍሉ ሄጄ ቴክኒሻኑን «ወንድሜ፣ እስቲ ደብተሩን አሳየኝ» ብዬ ነው። ቴክኒሻኑን መውቀስ ቀላል ነው። እኔም በዚያን ዕለት ወቅሼዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን በሁለት መዝገብ እየሠራ የአንዱ ብቻ ደመወዝ የሚከፈለው እርሱ ነበር።

ይህን ስጽፍ የማዕከላዊነትን ጥቅም ዘንግቼ አይደለም። ተመራማሪው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የአምስት ዓመት መረጃ በላፕቶፑ ውስጥ አብሮት የሚሄድበት፣ የጥናት ፋይል በፍላሽ ዲስክ ቫይረስ የሚጠፋበት፣ ለአንድ ሥራ አራት ክፍሎች አራት ሶፍትዌር የሚገዙበት አሠራር መቀጠል የለበትም። በ1995 ሦስት ተቋማትን በማዋሐድ የተመሠረተው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብሔራዊ የመረጃ አስተዳደር ማዕከል ማቋቋሙ ትክክል ነው እላለሁ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.ሁለት ከ2018 ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ መዘርጋቱም እንዲሁ። የወረዳ ሪፖርት በወረቀት ተጭኖ ሲጓዝ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ የሚፈጥነውን ነገር አይንቅም።

ግን ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ የሚሄደውን ቁጥር ስናደንቅ ወደ ታች የሚመለሰውን እንቁጠረው። በአንድ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ከመዝገብ ላይ እየደመረች የላከችው ቁጥር በወሩ ውስጥ ምን ሆኖ ይመለስላታል? የክትባት ማቋረጥ በየትኛው ቀበሌ እንደ በዛ የሚያሳያት ገጽ ይደርሳታል? ወይስ የሚመለስላት «ሪፖርትሽ ዘግይቷል» የሚል ስልክ ብቻ ነው? በምርምር ተቋሞቻችንም ጥያቄው አይለወጥም። መረጃውን ወደ ማዕከል ያስረከበ ተመራማሪ መልሶ ለማግኘት ስንት ደብዳቤ ይጽፋል? ስሙስ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ይኖራል?

አዲስ ሥርዓት ለመግዛት ኮሚቴ በሚሰበሰብበት ጊዜ ወንበሮቹን የሚሞሉት የዕቅድ፣ የግዥና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ናቸው። ቅጹን የሚሞላው ቴክኒሻን አይጠራም። ቢጠራና «ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ለእኔ ሥራ አያስፈልጉም» ቢል የሚሰማውና የሚሰርዘው ሰው መኖር አለበት፤ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ለመፈረም ብቻ ከሆነማ መጥራቱ ምን ይረባል? በካቢግ ጊዜም የካንሰር ማዕከላት ተወካዮች በየኮሚቴው ተቀምጠው ነበር፤ ብዙ ስብሰባም ተካሂዷል። ያልነበራቸው «ይቅር» የማለት ሥልጣን ነው። «ይቅር» የተባለው ከ350 ሚሊዮን ዶላር በኋላ ነው፤ ያም የሆነው ሪፖርቱን በግልጽ ለመጻፍ የደፈረ ቡድንና የተጻፈውን ያልሸሸገ ተቋም ስለ ነበረ ነው። እኛ ዘንድ ከተተከሉት ሥርዓቶች መካከል ሥራው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚጠቀምበት ተመርምሮ ውጤቱ ለሁላችንም የታተመልን የትኛው እንደ ሆነ ሳስብ አንድም ወደ አእምሮዬ አይመጣም።

ያን ሆስፒታል ከለቀቅሁ በኋላ አንድ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ጎራ ብዬ ነበር። ኮምፒዩተሩ በአዲስ ተተክቷል፤ ሥርዓቱም ስሙ ተለውጧል። ደብተሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አራተኛው ቅጽ ሆኗል፤ ጀርባው እንዳይቀደድ በፕላስተር ተለጥፏል።