ስለ ጭረትና ስለ ጥላ፦ በሆሳዕናና በዱራሜ የሣር ቤቶች ሥዕል ላይ የቀረበ አስተያየት

ሥዕል በጥናት ጽሑፍ ጎን ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሳስ አያያዝ መከራከር ትርፉ ድካም በሆነ ነበር። እኛ ግን ሥዕልን እንደ ምስክር ስለምናየው፣ ጓደኞቻችን ከሆሳዕና፣ ከአንጋጫና ከዱራሜ አካባቢ ስለው ያመጧቸውን የሣር ቤቶች በዚሁ ሚዛን መዝነናቸዋል። አብዛኞቹ የቤቱን ቅርጽ አልሳቱም፤ ጥላውን ግን በጣት አሽተው አደብዝዘውታል።

በጣት የታሸ እርሳስ ለዐይን ይለሰልሳል። ነገር ግን የጣሪያው ሣር፣ የግድግዳው ጭቃና የጓሮው እንሰት ሁሉም አንድ ጭጋግ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ፈዛዛው ግራጫ ወይ ነጥቶ ይጠፋል፣ ወይ ጠቁሮ ይደፈናል። በጭረት የተሠራ ጥላ ግን ቢባዛም አይጠፋም።

ስለዚህ አንዱን ቤት በእርሳስ፣ በቀለም ብዕርና በእስክርቢቶ ደጋግመን ሞከርነው። እርሳስ የግራፋይትና የሸክላ ድብልቅ ነው፤ ሸክላው ሲበዛ ጠንክሮ ይፈዝዛል፣ ሲያንስ ለስልሶ ይጠቁራል። ጠንካራው በሩቅ ለሚታየው ለአምበሪቾ ተራራ ተስማማ። ለስላሳውን በበሩ ጨለማ ላይ አብዝተን ስንጫነው ግን ከመጥቆር ይልቅ እንደ ብረት አብለጨለጨ። እስክርቢቶ እጅ ሲቀልለት ግራጫ ይሰጣል፤ ሆኖም በጭረቱ መጨረሻ ቀለም ያጠራቅማል፣ ፀሐይም ያደበዝዘዋል።

የቀለም ብዕር ያለው አንድ ጥቁር ብቻ ነው። ጥላውን የሚሠራው በጭረቶቹ መካከል የሚቀረው ነጭ ወረቀት ስለሆነ፣ ሠዓሊው ሳይጨርስ ማሰብ ይገደዳል። የጭረቱም አቅጣጫ ይናገራል። የሣሩ ጭረት ከጉልላቱ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሀድያውም ከምባታውም ዌሳ የሚለው የእንሰት ቅጠል ጅማቶቹ ከመካከለኛው አንጓ ወደ ዳር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ነፋስም የሚቀድደው በዚያው መስመር ነው። ለጭቃው ግድግዳ አቅጣጫ ስለሌለው ነጥብ ይሻለዋል፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነጥቡ ይጠጋጋል። በሣር ጣሪያ ላይ ጭረትን በጭረት ማቋረጥ ግን ቤቱን ሰፌድ ያስመስለዋል እንጂ አያጠቁረውም።

በጭረት ጥላ መሥራት የእኛ ልማድ አይደለም የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። በ1591 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው በጭረት የተጠላለሉ ሥዕሎች ነበሩት። መጽሐፉ ወደ አገራችን ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ሠዓሊያን አርአያ ሆኗል። እነርሱም የሰዎቹን አቀማመጥ ወስደው ጥላውን ተዉት፤ በልብስ እጥፋት ላይ ብቻ መስመሮችን ደረደሩ። ይህን እኛ እንደ ምርጫ እንጂ እንደ አለማወቅ አንቈጥረውም፤ በቅዱስ ሥዕል ላይ ብርሃን በመስኮት አይገባምና። የሆሳዕና ቤት ግን የጠዋትና የማታ ጎን አለው።

የቆርቆሮ ጣሪያ የሣሩን ቦታ እየያዘ በመሆኑ፣ አንዳንዱን ቤት ሁለተኛ ጊዜ ሄዶ መሳል አይቻልም። ከቀረቡት መካከል በቀለም ብዕር ብቻ የተሠራ አንድ የውስጥ ሥዕል ይበልጥብናል፤ የሰውና የከብት ማደሪያው ተለይቶ፣ ጢስ ያጠቆረው ጣሪያ በተደራረበ ጭረት ተነሥቶበታል። የቀረው ነገር ቢኖር ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ አለመታየቱ ነው፤ በሩ ተዘግቶ የተሳለ ይመስላል።