የባሩድ ስፍርና የብሩስ ሻማ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የኢትዮጵያ ጕዞውን ታሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ዓ.ም. በአምስት ጥራዝ አሳትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ከተወራላቸው ታሪኮች አንዱ የሞራ ሻማው ተኵስ ነው። የራስ ሚካኤል ስሑል የእኅት ልጅ ገብረ መስቀል በነፍጥ ችሎታው ሲመካ፥ ብሩስ ከእርሱ ጠብመንጃ የሚወጣ የሻማ ቍራጭ ከገብረ መስቀል ነፍጥ ከሚወጣ የብረት ጥይት ይልቅ እንደሚጐዳ ተናገረ፤ ከዚህም ጠብ ተነሣ። ኋላም በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት በሻማው ግማሽ ሦስት ጋሻ፥ በቀረው ግማሽ የሾላ ገበታ እንደ በሳ ይተርካል።

ይህን ታሪክ አንዳንዱ አንባቢ እንደ ጉራ ይንቀዋል፤ ሌላው የአውሮፓን ዕውቀት ብልጫ ያይበታል። ሁለቱም በጠብመንጃው ውስጥ የገባው ባሩድ ምን ያህል እንደ ነበረ ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

ከአፈሙዙ በሚጐርስ መሣሪያ ኀይሉን የሚወስነው የአጕራሹ እጅ ነው። ባሩዱ ሲያንስ ጥይቱ ይደክማል፤ ሲበዛ ርግጫው ይበረታል፥ ደካማ በርሜልም ይፈነዳል። የሽጉጥ በርሜል አጭር ስለ ሆነ ከልክ ያለፈው ባሩድ ተቃጥሎ ሳያልቅ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ለጠብመንጃ የተሰፈረው ለሽጉጥ አይሆንም። የደቀቀ ባሩድ ቶሎ፥ ሸካራው በዝግታ ይቃጠላል። ሻማም ከብረት ጥይት እጅግ ስለሚቀል በእኩል ስፍር ፈጥኖ ይወጣል፤ በቅርብ ያለውን ጋሻ ይበሳል፥ በሩቅ ግን አየር ያደክመዋል። እንግዲህ ነገሩ የሚቻል ነው፤ ለጦር ሜዳ ብልጫ ግን ምስክር አይሆንም።

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በዚያው አቈጣጠር በ1742 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት መለካትን፥ ኀይሉንም ከባሩዱ ስፍር፥ ከጥይቱ ክብደትና ከበርሜሉ ርዝመት ማስላትን አስተምሮ ነበር። ብሩስ ከዚህ ወዲያ በ48 ዓመት ሲያሳትም የትረካውን ክብደት ያኖረው በተመልካቹ መደነቅ ላይ ነው።

የባሰው ጕድለት በገብረ መስቀል በኩል ያለው ነው። ገብረ መስቀል የነፍጥ ያዦች አለቃ ነበር። ባሩዱን በምን ይሰፍር ነበር? ለቅርብና ለሩቅ ስፍሩን ይለውጥ ነበርን? ተራኪው እንደ ተመጻዳቂ አሳየን እንጂ እንደ ባለሙያ አልጠየቀውም። የእጅ ሙያን የሚመዘግብ ተማሪ ይህን ያስተውል፤ ነፍጡ በቤተ መዘክር ይቈያል፥ ስፍሩ ግን ሰፋሪው በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ ከእርሱ ጋራ ያልፋል።