መሐረቡን የያዘች እጅ

ምሥለ ፍቁር ወልዳ ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በእመቤታችን ፊት ላይ ነው። ለአንድ ጊዜ ፊቱን ትተን እጇን እንይ። ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። ቀኝ እጇ ተሻግሮ በግራው ላይ ያርፋል፤ ጠቋሚና መካከለኛ ጣቶቿ ተዘርግተዋል፣ የቀሩት ታጥፈዋል። በግራ እጇ ደግሞ መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ መጽሐፍ ይዞ በቀኙ ይባርካል። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ሥዕል በቤቱ ግድግዳ፣ በባጃጅ መስታወትና በጣና ገዳማት ስላየው፣ እመቤታችን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስትሣል የኖረች ይመስለዋል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ይህ የእጅ አያያዝ አገራችን ከገባ ከአራት መቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። (ዓመታቱን እዚህ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ምንጩ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጥንታዊ ሥዕል ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሰባኪዎች በ1569 ቅጂውን ለማሠራት ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፈቃድ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ስብከታቸው በደረሰበት አገር ሁሉ ይዘውት ዞሩ። እኛ ዘንድም ደረሰ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ሰባኪዎቹን ከአገር ሲያስወጡ ሥዕሉ አብሮ አልወጣም። ሃይማኖታቸውን አንቀበልም ያለው አገር የሥዕላቸውን አያያዝ ወስዶ፣ ተዋሕዶ አድርጎ አስቀረው።

ዝምድናውን ጣሊያናዊው ኡጎ ሞኔሬ ደ ቪላር በ1947 በጽሑፍ ጠቁሞ ነበር። እያንዳንዱን ሥዕል እያነሱ፣ መሐረቡን ከመሐረብ፣ ጣቱን ከጣት እያስተያዩ መንገዱን እስከ መጨረሻው የሄዱት ግን ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው።

ሆይናትስኪ በ1915 የተወለዱ ፖላንዳዊ ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት ነው፤ ሥራቸውም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ነበር። ከ1960ው የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያው ስድስት ኪሎ ተመሠረተ። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆይናትስኪ ሆኑ።

በ1968 ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ቆመ፤ ቅርስ ከአገር ሳይወጣ እየገዙ ለሙዚየሙ ለማስቀረት። እዚህ ላይ ነው የባለሙያው ዓይን የሚፈተነው። ሻጭ ሥዕሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ከየትኛው ደብር እንደወጣ ግን አይናገርም። የሠዓሊ ስም የለበትም፣ ዓመተ ምሕረት የለበትም። በእጅ ያለው እንጨት፣ ጀሶ፣ ቀለምና መስመር ብቻ ነው። እነዚህን ማናገር የቻለ ሰው ዘመኑን ይነግርሃል፤ ያልቻለ «በጣም የቆየ ነው» ብሎ ያልፋል።

የሆይናትስኪ አካሄድ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እጆቿ ተሻግረው መሐረብ ከያዘች፣ ሥዕሉ ከ1600 አካባቢ ብዙም ሊቀድም አይችልም፤ እንጨቱ የቱንም ያህል በጭስ ቢጠቁር። ከዚያ በፊት የነበረው አያያዝ ሌላ ነው። ለዚህ ምስክሩ እዚሁ ጣና ላይ አለ፦ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የፍሬ ጽዮን ሥዕል። ጽሕፈቱ የሠዓሊውን፣ የንጉሡን የዘርዐ ያዕቆብንና የገዳሙን አበምኔት የይስሐቅን ስም ስለያዘ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለመሠራቱ ክርክር አያስነሳም። ፍሬ ጽዮን ልብሱን በቀጫጭን መስመር እያከታተለ ያጥፈዋል፤ ጣቶቹን ያስረዝማል፣ አፉን ያሳንሳል። በእሱ ስልት በተሠሩ ሥዕሎች እናቲቱ አበባ ይዛ፣ ልጁም ወፍ ጨብጦ ይታያል፤ መሐረብ የለም፣ የተሻገረ እጅም የለም።

ሆይናትስኪ ከአብዮቱ በኋላ ኑሯቸው ካናዳ፣ ሰድበሪ ሆነ። ትልቁ መጽሐፋቸው በ1983 ቪስባደን ታተመ፤ ከ13ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን የኢትዮጵያ ሥዕል በየርእሰ ነገሩ የሚከተል ነው። ውበት ፈልጎ ለሚያነብ ሰው አድካሚ ነው፤ የግምጃ ቤት መዝገብ ይመስላል። ለእኔ ግን ጣዕሙ እዚያው ላይ ነው። ይህ ሥዕል እዚህ ደብር አለ፣ ያኛው እንዲህ ይለያል፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ወስዷል እያለ ይቀጥላል፤ አንባቢው ሳይታወቀው ዓይኑ ይሠለጥናል። በ1985 ስለ ኵርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል ስለደፋው ክርስቶስ ሥዕል፣ የጻፉትም ያው ትዕግሥት አለበት፤ ያ ሥዕል በ1868 የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከመቅደላ የወሰደው ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የባዕድ ምንጭ ፍለጋ ሲበረታ ሠዓሊው ተበዳሪ ብቻ መስሎ ይቀራል። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ይህን አይቀበልም። እቴጌይቱ ራሷ ከምሥለ ፍቁር ወልዳ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። በሮሙ ሥዕል ግርጌ የሚሰግድ ሰው የለም፤ ሠዓሊዎቻችን ከግራና ከቀኝ ሰይፍ አስይዘው የሚያቆሟቸው ሚካኤልና ገብርኤልም የሉም። በሮም እናትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ፤ የጎንደር ዘመን ሠዓሊ ግን ዙሪያቸውን ቤተ መንግሥት አደረገው። ሆይናትስኪም ይህን አልሳቱትም፤ በመጽሐፋቸው ንዑስ ርእስ ላይ አገር በቀሉን ዕድገት ከባዕዱ ተጽዕኖ አስቀድመውታል። በገጾቹ ውስጥ ግን ሚዛኑ ሁልጊዜ እንደ ርእሱ አይደለም።

የተቋሙን የእንጨት ላይ ሥዕሎች ዝርዝር በ2000 ሚላኖ ሲያሳትሙ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ያገኟቸውንና የጠበቋቸውን ሥዕሎች ከባሕር ማዶ ሆነው መልሰው አንድ በአንድ መረመሩ። በ2006 ስለ ኢትዮጵያ መስቀሎች ሌላ መጽሐፍ አወጡ፤ በ2010 ከማረፋቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ። የመስቀል ነገር ከሥዕልም ይከብዳል፤ ጣት የለው፣ መሐረብ የለው። እሳቸው ግን በዘጠና ዓመታቸውም ያንኑ ይጠይቁ ነበር፦ ከእነዚህ ሁለቱ የትኛው ቀደመ?