የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ከተረኛው ክፍል ሲታይ

የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤናን ስለመጠበቅ የሚመክረውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ነው። ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር በመሆንም መመሪያውን ወደ ተግባር ለመለወጥ የሚረዳ አጭር የፖሊሲ ሰነድ አክሎበታል። ድርጅቶቹ የችግሩን ስፋት በቁጥር አስቀምጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ዕድሜ ክልል ከሚገኙ አዋቂዎች መካከል 15 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው፣ በድባቴና በጭንቀት ሕመም ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ፣ ኪሳራውም 1 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚደርስ ይገምታሉ።

መመሪያው ለጤና ባለሙያዎች ተለይተው የቀረቡ ምክሮችን የያዘ በመሆኑ በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ይሁን እንጂ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ሊል ያስፈልጋል፤ መመሪያው የችግሩን ምንጭ ያወቀውን ያህል በምክሩ አልጸናበትም።

የመመሪያው ብርታት

የመመሪያው ቀዳሚ ብርታት የአእምሮ ጤናን የሠራተኛው የግል ጠባይ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አለመመልከቱ ነው። ከሥራ ጫና፣ ከረዥም የሥራ ሰዓት፣ በሥራ ላይ የመወሰን ዕድል ከማጣት፣ ከጥቃትና ከመንጓጠጥ የሚነሡ መንስኤዎችን ለይቶ ምክሩን የሚጀምረው ከተቋሙ ነው። ይህ አመለካከት የቆየ መሠረት አለው። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሞዴል ሠራተኛን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ መብዛት ብቻውን ሳይሆን፣ የሥራ መብዛት በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ከማጣት ጋር ሲጣመር መሆኑን አመልክቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ የሙያ መዛልን፣ በተለምዶ በርንአውት የሚባለውን፣ በበሽታነት አልመደበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው ይለዋል። መለያዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ እና የሙያ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው።

ሁለተኛው ብርታት ጥንቃቄው ነው። ሠራተኞችን በሥራ ላይ እያሉ በልየታ ምርመራ ማጣራትን በተመለከተ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ስለመብለጡ ግልጽ ማስረጃ ባለመኖሩ፣ መመሪያው የድጋፍም ሆነ የተቃውሞ ምክር ከመስጠት ተቆጥቧል። የተለየው ሰው የት እንደሚታከም ሳይዘጋጅ ልየታ መጀመር ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ቁጥብነት ያደንቃል።

ጥብቅ ምክርና ልል ምክር

ድክመቱ የሚታየው ለምክሮቹ በተሰጠው ክብደት ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎችን የሥራ ጫና ስለመቀነስ፣ የሥራ ሰሌዳን ስለማስተካከልና የቡድን ሥራን ስለማሻሻል የቀረበው ምክር «ሊታሰብበት ይችላል» ከማለት አላለፈም፤ የማስረጃው እርግጠኝነትም በጣም ዝቅተኛ ተብሏል። ኃላፊዎችን የማሠልጠኑ ምክር ግን ጥብቅ ነው፤ ማስረጃውም የመካከለኛ ደረጃ አግኝቷል።

ለልዩነቱ ምክንያት አለው። ሥልጠናን በጥናት መፈተን አያስቸግርም፤ የሠልጣኙን ዕውቀት ከሥልጠናው በፊትና በኋላ መለካት ይቻላል። የሆስፒታሎችን የተራ ሰሌዳ ለውጦ ውጤቱን ማነጻጸር ግን እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ «በጣም ዝቅተኛ» የሚለው ደረጃ የሚናገረው ስለ ጥናቱ እጥረት እንጂ ስለ እርምጃው ከንቱነት አይደለም። ሥራ የበዛበት የተቋም ኃላፊ ግን ይህን ረቂቅ ልዩነት መርምሮ ይወስናል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል።

ይበልጥ የሚያስገርመው መመሪያው መውጫውን ራሱ ማሳየቱ ነው። የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሠራተኞች ሥራቸው እንዲመቻችላቸው የሚጠይቀው ምክር፣ ማስረጃው በጣም ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ከሰብአዊ መብት መርሆዎች አኳያ ጥብቅ ሆኖ ቀርቧል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዓለም አቀፉ የሥራ ጉባኤ ደኅንነቱና ጤናማነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎችና መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል። ታዲያ የታመመው ሠራተኛ ሥራው እንዲመቻችለት መብቱ ከሆነ፣ ገና ያልታመመው እንዳይታመም መጠበቁ ስለምን «ሊታሰብበት የሚችል» ብቻ ይሆናል?

ሥልጠናው ብቻውን

ልል ምክር ከጥብቅ ምክር ጎን ሲቀመጥ የትኛው እንደሚፈጸም መገመት አያዳግትም። የአንድ ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ስለ ውጥረት አያያዝ ገለጻ ይደረጋል፣ በሪፖርት ላይም የሠልጣኞች ቁጥር ይሰፍራል። የተራ ሰሌዳው ግን በነበረበት ይቀጥላል። ዊልያም ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተመው ጥናት በብሪታንያ በሚገኙ 233 ድርጅቶች የሚሠሩ 46,336 ሰዎችን መረጃ መርምሮ፣ በውጥረት አያያዝና በጽናት ሥልጠናዎች እንዲሁም በመሰል የግል ፕሮግራሞች የተሳተፉ ሠራተኞች ካልተሳተፉት የተሻለ ደኅንነት እንዳልታየባቸው አመልክቷል። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መረጃን ያነጻጸረ በመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም በሥልጠና ብቻ ለሚታመኑ ሁሉ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ሥራ ሰዓትም ቢሆን ማስረጃው ቀላል መልስ አይሰጥም። ክሪስቶፈር ላንድሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖች ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ተራ በነበራቸው ጊዜ የፈጸሙት ከባድ የሕክምና ስህተት፣ ይህ ተራ ከቀረበት ጊዜ ይልቅ በ36 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገው ጥናታቸው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ተራው ሲያጥር ስህተቱ ጨመረ። ምስጢሩ ያለው በሕሙማኑ ቁጥር ላይ ነው። ተራው ሲያጥር አንድ ሐኪም የሚከታተላቸው ሕሙማን በዝተው ነበር፤ ይህ ልዩነት በስሌት ሲስተካከል የስህተቱ ብልጫ ጠፍቷል። እንግዲህ ሰዓትን ያለ ሰው ኃይል መቀነስ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር እንጂ ማቅለል አይደለም።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች

መመሪያው በኢትዮጵያ ሲነበብ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ ያደረ ኢንተርን ጠዋት ለራውንድ ይቆማል። በሌሊት ሕፃን የሞተባት ነርስ ሬሳውን አዘጋጅታ፣ የአስታማሚዎቹን ልቅሶና አንዳንዴም ቁጣ ተቀብላ፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ስለ ሆነው ነገር የሚጠይቃት የለም። የክፍሉ ኃላፊ መመሪያው የሚፈልገውን ሥልጠና ቢወስዱ የነርሷን መድከም ይለዩ ይሆናል፤ ተተኪ ነርስ የመቅጠር ሥልጣን ግን የላቸውም። ጭንቀቷን ማወቅና ማቅለል አለመቻል ኃላፊዋንም ሌላ ታካሚ ያደርጋቸዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ በይፋ ያነሡት ጥያቄ፣ ነገሩ የግል ጽናት ማነስ እንዳልሆነ ያስታውሳል።

ይህ ሲባል ሁሉም ነገር በጀት እስኪገኝ ይቆይ ማለት አይደለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የተራ ሰሌዳን ቀደም ብሎ መለጠፍና ባለሙያዎቹ በአወጣጡ እንዲሳተፉ ማድረግ፣ ሌሊት ላደረ ሰው ከርክክብ በኋላ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ሰዓት ማክበር፣ ከከባድ ሞት በኋላ ቡድኑ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ እንዲነጋገር መፍቀድ፣ በተረኛ ላይ የሚደርስን ዛቻና ድብደባ መዝግቦ እርምጃ መውሰድ ከገንዘብ ይልቅ ቁርጠኝነትን የሚጠይቁ ናቸው። ከዚህም ሌላ የታመመ ባለሙያ በሚሠራበት ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክሊኒክ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ በባልደረቦቹ ላለመታየት ሕክምናን እንደሚሸሽ ግልጽ ነው። ከሌላ ተቋም ጋር ተስማምቶ ምስጢሩ ተጠብቆ የሚታከምበትን መንገድ ማመቻቸት ይቻላል። የሰው ኃይል ቁጥርና ክፍያ ግን ከሆስፒታሉ አቅም በላይ በመሆናቸው ውሳኔያቸው ከላይ ሊመጣ ይገባል።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳን ሐኪሙ የላቀ አገልግሎት ለመስጠት ይችል ዘንድ የራሱን ጤናና ደኅንነት እንዲጠብቅ አስምሏል። መሐላው መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃል የገባው ሐኪሙ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሻለ ዕድል ነበረው፤ መንስኤው ከተቋሙ እንደሚነሣ አውቆ ሳለ ጥብቁን ቃል ለሥልጠናው ሰጠ። መመሪያው ወደፊት ሲሻሻል ይህ ሚዛን ሊታረም ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ሰነዱን በሥራ ላይ የሚያውል የሆስፒታል ኃላፊ ከሠልጣኞች ስም ዝርዝር አስቀድሞ የተረኞችን ስም ዝርዝር ቢያነብ፣ መመሪያው ሊል የፈለገውን ከተጻፈው ይልቅ አሟልቶ ያገኘዋል።