ዳሌን የሚያውቁ ጣቶች

«ቀጥ ብለው ይቀመጡ» ስትባል እናቴ እንደ ማንኛችንም ደረቷን ነፍታ፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ስባ፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ፊዚዮቴራፒስቷ ፈገግ አለችና «እማማ፣ ደረትዎን ይተዉት፤ ሥራው ከታች ነው» ብላ ከኋላዋ ተንበረከከች።

መዳፎቿን በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ጫፍ ላይ አሳረፈች። አውራ ጣቶቿ ከወገብ በታች ቆዳው ሰርጎድ ወደሚልባቸው ሁለት ነጥቦች ወርደው ከሥር ያለውን አጥንት አገኙት። «እስቲ ሙሉ ለሙሉ ጎበጥ ይበሉ።» ዳሌው ወደ ኋላ ተንከባለለ። «አሁን ደግሞ ወገብዎን ወደ ውስጥ ያስገቡት።» ዳሌው ወደ ፊት መጣ። ሁለቱን ዳርቻ በጣቷ ካወቀች በኋላ እያመላለሰች፣ እያሳጠረች መካከሉ ላይ አቆመችው። የእናቴ ትከሻ ማንም ሳይነካው ረገበ፤ ትንፋሿም ተመለሰ።

አከርካሪ የቆመው በዳሌ ላይ ነው። መሠረቱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል 5ቱ የወገብ አንጓዎች ተፈጥሯዊ ቅስታቸውን ያጣሉ፤ ከላይ ያለው ደረት ቢነፋ ያንን አይመልሰውም። በአውስትራሊያ ተመራማሪው ፒተር ኦሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ከዳሌ ተነስተው ሲቃኑና ደረት አንስተው ሲቃኑ የሚሠሩት ጡንቻዎች የተለያዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለተመልካች ሁለቱም «ቀጥ ያለ» ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የሠለጠነ እጅ ነው።

የዚህ እጅ ትልቁ ፈተና ድግግሞሽ ነው። ተመራማሪዎች ሲለኩት አንዱ ባለሙያ ያንኑ ሰው ደግሞ እንዲያስቀምጠው፣ ወይም ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን ሥራ ሳያይ እንዲያስቀምጠው ያደርጋሉ፤ ከዚያም የጀርባውን ማዕዘን በዲግሪ ያነጻጽራሉ። ቀላል አይደለም። የአንዱ አጥንት በሥጋ ተሸፍኗል፤ የሌላው ወገብ በሕመም ደርቋል፤ ሰው ሲደክም ደግሞ ሳያውቀው ይንሸራተታል።

እኔም ፈተናውን በዓይኔ አየሁት። እናቴ ተነስታ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰችና ተቀመጠች። አውራ ጣቶቹ ሳይዳብሱ፣ ሳይጠራጠሩ እዚያው ነጥብ ላይ አረፉ፤ ዳሌው ያንኑ መንገድ ሄዶ እዚያው ቆመ። ደግማ ስትነሳና ስትቀመጥም እንዲሁ። በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን አነሳች። «አሁን እርስዎ ይፈልጉት» አለች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጎበጠች፣ ተቃናች፣ መካከሉን ፈለገች። «እዚህ ነው፣ ልጄ?» ጣቶቹ ለማረጋገጥ ብቻ ዳሰስ አድርገው ተመለሱ። «እዚያው ነው።»

ትናንት ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ነበርኩ። ዝቅተኛው በርጩማ ወገብ ያጎብጣል። ረከቦቱ ፊት ጎበጥ ብላ ስኒ ስትደረድር ቆይታ፣ ልትቀዳ ስትል ቆም አለች። ዳሌዋን በትንሹ ወደ ፊት አንከባለለች፣ ተነፈሰች፣ ጀበናውንም አነሳች።