ዲኤም-3 የትኛው ነው?

የከርነሉ ሎግ «ዲኤም-3» ላይ የማንበብ ስህተት እንደተፈጠረ ሲናገር ባለሙያው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፣ ዲኤም-3 የተባለው የትኛው ቮልዩም እንደሆነ ነው። ይህን በግምት የሚመልስ ሰው ዲስክ ባይነካ እመርጣለሁ።

ኤልቪኤም ባለበት ሊኑክስ ላይ አንድ ሎጂካል ቮልዩም ሦስት መጠሪያ አለው። ከርነሉ የሚያውቀው እንደ ዲኤም-3 ባለ ቁጥር ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ወደዚያው የሚመሩ ሲምሊንኮች ናቸው። ቁጥሩ የሚሰጠው ቮልዩሞቹ በተነሡበት ተራ ስለሆነ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሊለወጥ ይችላል። አዮስታትም የሚያሳየው ይህንኑ ቁጥር ነው። ያለፈ ወር ሎግ ላይ የተጻፈውን ዲኤም-3 በዛሬው የኤልኤስቢኤልኬ ዝርዝር መፍታት ስለዚህ አያስተማምንም።

ከሁለቱ ሲምሊንኮች ጀማሪዎችን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው የማፐር ስም ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ለቮልዩም ግሩፑ «ኡቡንቱ-ቪጂ»፣ ለቮልዩሙ ደግሞ «ኡቡንቱ-ኤልቪ» የሚል ስም ያወጣል። /ዴቭ/ማፐር ውስጥ ግን «ኡቡንቱ--ቪጂ-ኡቡንቱ--ኤልቪ» ሆኖ ይገኛል። ስህተት አይደለም። የግሩፑንና የቮልዩሙን ስም የሚለየው አንድ ጭረት ነው፤ በስሙ ውስጥ የነበረ ጭረት ከዚህ እንዳይምታታ ይደገማል። ባይደገም ኖሮ «ዳታ-ሎግ» በተባለ ግሩፕ ውስጥ ያለው «አሮጌ» እና «ዳታ» በተባለ ግሩፕ ውስጥ ያለው «ሎግ-አሮጌ» ሁለቱም «ዳታ-ሎግ-አሮጌ» ይባሉ ነበር። ይህ ሕግ በጣም ደስ ይለኛል፤ ማንኛውንም ስም ያለ ጥርጥር መልሶ ለመፍታት ያስችላል።

የተለመደው ስናፕሾት ሲወሰድ ደግሞ መጨረሻቸው «-ሪል» እና «-ካው» የሆኑ ስሞች ይታያሉ። ኤልቪኤም ለራሱ የሚጠቀምባቸው ንብርብሮች ናቸው፤ በእጅ አይነኩም።

ኤፍኤስታብ ውስጥ ለተራ ፓርቲሽን ዩዩአይዲ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። ለሎጂካል ቮልዩም ግን እኔ ስሙን እመርጣለሁ፤ ስናፕሾት የዋናውን ፋይል ሲስተም ዩዩአይዲ ይዞ ስለሚወጣ ሁለቱን የሚለያቸው ስማቸው ነው።

አዲስ ግሩፕ የምትፈጥሩ ሁሉ በስሙ ውስጥ ጭረት አታስገቡ፤ አንደርስኮር ይበቃል። ኤምኬኤፍኤስ ከማዘዛችሁ በፊትም የግሩፑንና የቮልዩሙን ስም ለይታችሁ አንብቡ።