ዘፈኑ ሲወደድ ዘፋኙ ኢንሹራንስ ቢሮ ነበር

ባንድ ፈረሰ ሲባል ወሬያችን የሚሮጠው ወደ መጠጡና ወደ ጠቡ ነው። የእንግሊዞቹ ‹ዞምቢስ› ግን የፈረሱት በኪስ ጉዳይ ነው። አምስቱ የሴንት ኦልባንስ ልጆች በ1964 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ባወጡት ዘፈን አሜሪካ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ደርሰው ነበር። ቆይቶ ገበያው ቀዘቀዘ። ግጥምና ዜማ የሚሠሩት ሮድ አርጀንትና ክሪስ ዋይት የደራሲነት ክፍያ ያገኛሉ። ዘፋኙ ኮሊን ብለንስቶን፣ ጊታሪስቱና ድራመሩ ግን መድረክ ከሌለ ገቢያቸው ባዶ ነው። ሁለቱ እየበሉ ሦስቱ እያዩ እስከ መቼ?

በ1967 አንድ ሺህ ፓውንድ ግድም ተሰጥቷቸው ‹ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል›ን ቀረጹ፤ አብዛኛውን በአቢ ሮድ ስቱዲዮ። ኩባንያው ስቴሪዮም ይሠራ ሲል ገንዘቡ አልቆ ነበርና ሁለቱ ደራሲዎች ከኪሳቸው ከፈሉ። የሽፋኑ ሠዓሊ ‹ኦዲሲ›ን ፊደል አሳስቶ ጻፈ፤ እንደተሳሳተም ታተመ።

ሥራውን ሳይክደሊክ ይሉታል። ለእኔ ግን ከጭሱ ይልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማኛል፤ አርጀንት በልጅነቱ የካቴድራል ዘማሪ ነበረ፣ ድምፆቹ ሲደራረቡ ያስታውቃል። የመክፈቻው ዘፈን ከእስር የምትፈታ ፍቅረኛን ይጠብቃል፤ ዜማው ግን እንደ እሑድ ጠዋት ብሩህ ነው። ሀዘንን በፈገግታ መያዝ ማለት ይኼ ነው! የማይዋጥልኝ ‹ኤ ሮዝ ፎር ኤምሊ› ነው። ርእሱን የወሰዱት ከፎክነር አጭር ልቦለድ ነው። የፎክነሯ ኤምሊ ወዳጇን በመርዝ ገድላ ሬሳውን በቤቷ ያቆየች ሴት ናት። የዘፈኗ ግን ፍቅር ያለፋት ምስኪን ብቻ። ዜማው ያምራል፤ ሴትዮዋን ግን አቅልለዋታል። ስታስፈራ እኮ ነው የምታሳዝነው።

በታኅሣሥ 1967 ተበተኑ። አልበሙ የወጣው በሚያዝያ 1968 ነው፤ ማለትም ባለቤት አልነበረውም። የአሜሪካው ኩባንያ የቬትናም ጦርነት ያሻሽጥልኛል ብሎ ይመስላል፣ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚያወራውን ዘፈን አስቀደመ፤ ማን ይግዛው! በ1969 ግን ‹ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን› ሦስተኛ ደረጃ ወጣ። ብለንስቶን ያኔ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ኢንሹራንስ ውስጥ ነበር። ዘፈኑ ሲቀረጽ ከአርጀንት ጋር ተጣልቶ ‹‹ካወቅህበት መጥተህ ራስህ ዝፈነው!›› እስከ ማለት የደረሰበት ዘፈን ነው፤ ስለ ፍቅር መሆኑ ነው እንግዲህ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ‹ዞምቢስ ነን› እያሉ ከመድረክ መድረክ ይዞሩ ጀመር። ከነዚህ ሁለቱ ኋላ ‹ዚዚ ቶፕ›ን የተቀላቀሉ ናቸው። እውነተኞቹ ግን ተመለሱ ቢባሉ እምቢ አሉ። ጊታሪስቱ ፖል አትኪንሰን በ2004 ዐረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ቡድኑን የተቀበለው በ2019 ነው፤ የቀሩት አራቱ ሸምግለው መድረክ ላይ ቆሙ።